የዝናብ ስም መጥሪያ

ሁምቦ፣ መስከረም 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለብሩክታይት ባዳቾ፣ መርከቧ ባለችበት ባሕር ሁሉ ይድረስ

የብስ ላይ ያለሁትን እኔንም ውሃ ላይ ያለሽውን አንቺንም የሚጠብቅ ጌታ ይመስገን። ዘመኑ የሰላም ይሁንልሽ፤ የወላይታችን ዘመን መለወጫ ጊፋታም እየደረሰ ነውና ከወዲሁ ዮ ዮ፣ እንኳን አደረሰሽ ብያለሁ። እኔ አጎትሽ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ስትደውዪ አሥር ደቂቃ ሙሉ «እሺ፣ እሺ» ያልኩሽ አንድም ቃል ሳልሰማ ነው። ጎረቤቴ ሳህሊቱ «ልጅቷ አሞኛል ስትልዎት እኮ እሺ፣ እሺ ይሏታል!» ብላ ስትስቅብኝ ዋለች። ስለዚህ ከእንግዲህ በደብዳቤ ይሁን። ሳህሊቱ ለገበያ ሶዶ ስትወጣ የእኔን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ የአንቺን ደግሞ እዚያው አሳትማ ታመጣልኛለች።

ስለ ክረምቱ ጠይቀሽ ነበር አሉ። ክረምቱ እንዳልነበረ ቁጠሪው። ሐምሌ ላይ ስድስት ቀን ተገኝ፣ የቀረው ሁሉ ቀሪ። አዎ፣ አሁንም ዝናቡን የምመዘግበው በተማሪ ስም መጥሪያ ነው። በየጠዋቱ ደጅ ያስቀመጥኩትን የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አያለሁ። ውሃ ካለበት «ተገኝ»፣ ከሌለበት «ቀሪ»። ለዝናብ «በፈቃድ» የሚባል ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሥራ ያውቃል?

በቆሎው ጢም እንዳወጣ ደረቀ። አሁን የቀረን በምንጩ ዳር፣ እርጥበት ባለበት ያቆየነው የስኳር ድንች ሐረግ ብቻ ነው። የአርባ አባወራ ሐረግ ነው። በደህናው ጊዜ ጥቅምት ላይ እየቆረጥን በየማሳችን እንተክለውና መጋቢት ላይ፣ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ፣ ድንቹን እንቆፍራለን።

ዘንድሮ ግን ሬዲዮው ኤልኒኞ ነው ብሏል። የሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ከልክ በላይ ሲሞቅ የዓለም ነፋስ መንገዱን ይስታል፤ የእኛም ክረምት ይቀራል። ይህን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬሻለሁ። ሳህሊቱ የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናትና «መምህር፣ እንትከል ወይስ ለከብት እንስጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደረቅ አፈር ላይ ተተክሎ ከሚቃጠል ከብቱን ያትርፍ ብዬ ፈረድኩ። ጥቅምት 11 ቀን እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ሐረጉ ታጭዶ ለከብት ይከፋፈላል። ነገሩ አልቋል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የግድግዳ ካርታዬን ብል በላው። ህንድ ውቅያኖስ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። የነፋሱና የባሕር ጅረቱ ቀስት በደንብ የሚታይበት የዓለም ካርታ ብታገኚ በሰው ላኪልኝ።

አባትሽ ሶዶ ነው። ደህና ነው አሉ።

አጎትሽ መምህር አንጁሎ


ሱማትራ ደሴት፣ ወደብ ላይ፣ መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ አንጁሎ

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ቆርቆሮዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ያመመኝም ጉንፋን ነበር፤ «እሺ» ስላሉኝ ነው መሰለኝ ተወኝ። ጊፋታን እዚህ ብቻዬን ዋልኩ። የበዓሉ ምግባችን ሙቿ ያማረኝን ያህል ሩዝ ቀረበልኝ።

የድንጋይ ከሰል ጭነናል፤ ነገ ወደ ሞምባሳ እንነሳለን። እኔ አራተኛ መሐንዲስ ነኝና ውዬ የማድረው ከታች፣ ሞተሩ ጋ ነው። ሥራዬ ከእርስዎ ሥራ ብዙም አይለይም ብልዎት ያምኑኛል? መርከቧ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ከባሕሩ በምትስበው ውሃ ነው። እኔም በየአራት ሰዓቱ የዚያን ውሃ ሙቀት አይቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ።

እና አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ውሃው ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው። ዋናው መሐንዲስ፣ አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ፣ ቁጥሩን ሲያይ ተቆጣኝ። «እዚህ ባሕር ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁልጊዜ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ቀይሪው» አለኝ። ቀየርኩት። አዲሱም ሃያ ስድስት አለ። ትክክል በመሆኔ በልቤ ደስ አለኝ። የወደቡ ሰዎች ዝናብ እምቢ አለን እያሉ ያማርራሉ። ጫካው እየነደደ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም።

ስምንተኛ ክፍል ያመጡት ሳፋ ትዝ ይልዎታል? ውሃ ሞልተው፣ ሰጋቱራ በትነውበት፣ በአንድ ወገን ከሥሩ ፋኖስ ያስቀመጡበት? የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ሄደ፣ ቀዝቃዛው ከሥር ተመለሰ፤ ሰጋቱራውም ሲዞር ዋለ። «ፀሐይ መሐል ምድርን አብልታ ዳር ዳሩን ታስርባለች፤ ነፋስና ባሕር ደግሞ ያካፍላሉ» ብለውን ነበር። ከዚያ ደብተር አጣጥፈው ሳፋውን አራገቡት። ሰጋቱራው ሁሉ ሄዶ ወዲያኛው ዳር ተከመረ፤ እርስዎ ባሉበት በኩል ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ወጣ።

ጋሼ፣ እዚህ ቀዝቃዛው ወጥቷል። ነፋሱ ከዚህ ወደ እናንተ ነው የሚነፍሰው። ታዲያ ሙቁ ውሃ የት ሄዶ ተከመረ? ሞምባሳ እስክደርስና እስክለካው ድረስ ሐረጉን አይንኩት፤ ስለ እግዚአብሔር።

ደግሞስ «ደህና ነው አሉ» ማለት ምን ማለት ነው? ጊፋታ ላይ ከአባቴ ጋር አልተገናኛችሁም?

የወንድምዎ ልጅ ብሩክታይት


ሁምቦ፣ መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለብሩክታይት

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱን ጊዜ በኩራት፣ ሦስተኛውን በንዴት።

ሳፋው ትዝ ስላለሽ ተመስገን። ግን ልጄ፣ ሳፋ ሳፋ ነው። ዓለም አንድ ፋኖስና አንድ ደብተር የሚያራግብ መምህር ብቻ የላትም። ከመሐል ምድር የተነሳው ሞቃት አየር ሽቅብ ወጥቶ፣ ሰሜንና ደቡብ ሄዶ ይወርዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ምድር ስለምትዞር ይጣመማል። በዚህ መሐል ተራራ አለ፣ በረሃ አለ፣ ሦስት ውቅያኖስ አለ። አንቺ ከአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ አንድ ቧንቧ ለክተሽ አርባ አባወራ ልታስተክዪኝ ነው? ኤልኒኞ ኤልኒኞ ነው። ባለፈው ጊዜ ያደረገንን ያየ ሰው አይከራከርም።

እኔ ከእንግዲህ ሰውን «ትከል» አልልም። ብያለሁ፤ አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ ይበቃኛል። ቀኑ ያው ጥቅምት 11 ነው።

ካርታውንም ተይው፣ አያስፈልገኝም። ቁጥርም አትላኪልኝ። የምትልኪው ነገር ካለ ጸሎትሽን ላኪ።

አባትሽ ጊፋታ ላይ አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። የጥበቃ ሥራ ፋታ አይሰጥም።

አጎትሽ አንጁሎ

(ከፎቶው ሥር፣ በቴሌግራም)

ብሩክቲ፣ ሳህሊቱ ነኝ። ሳሮ ነሽ፣ ደህና ነሽ? ይሄን መምህር አያዩትም። እዚህ ሰው ሁሉ መትከል ይፈልጋል ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸው። እኔ ራሴ ስናገር ጆሮዬ አይሰማም ይሉኛል፣ ሙቿ ይብሉ ስል ግን ይሰማቸዋል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ስም መጥሪያዎቹን በዓመት በዓመቱ መደርደሪያ ላይ ደርድረዋል። አንዱ ብቻ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ አልጋ ሥር ነው ያለው። የ2008 ነው። ልጠርግ ብዬ ስነካው ጮኹብኝ። እኔ ወደዚህ አገር የተዳርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ታውቂ ይሆናል።


ሞምባሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ አንጁሎ

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎት። ዛሬ ማለዳ ደርሰናል። ቁጥር አትላኪ ብለውኛል፤ ይቅር ይበሉኝ፣ እልካለሁ።

የሞምባሳ ውሃ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ነው። ብቻውን ምንም አይልም፤ ስለዚህ የመርከቧን የአምናውን መዝገብ ከሣጥን አውጥቼ አየሁ። አምናም በዚሁ ሳምንት በዚሁ መንገድ ሄዳለች። አምና ሱማትራ ሃያ ዘጠኝ፣ ሞምባሳ ሃያ ስድስት ተኩል። ዘንድሮ ሱማትራ ሃያ ስድስት፣ ሞምባሳ ሃያ ዘጠኝ። የሳፋው ሰጋቱራ ዳር ቀይሯል ማለት ነው። አምና ጥቅምት ላይ በስም መጥሪያዎ ስንት «ተገኝ» ነበረ? እኔ ሳላየው እነግርዎታለሁ፤ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

መንገዱን ሁሉ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ሞተሩ አልቀዘቅዝ አለን፤ ማጣሪያ ወንፊቱን ሁለት ጊዜ አውርጄ አጠብኩ፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ግን እየተራገምኩ አልነበረም፣ እየሳቅኩ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ሙቀት ነው ለእናንተ ዝናብ የሚሆነው። ሙቅ ባሕር ብዙ ይተናል፤ አየሩ በላዩ ይነሳል፤ ነፋሱ ወደ እናንተ ይዞት ይወጣል። ኤልኒኞ ክረምታችንን እንደሚነሳን እውነት ነው፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የጥቅምትና የኅዳሩ ዝናብ ግን የሚመጣው ከዚህ፣ እኔ ካለሁበት ባሕር ነው።

አሁን የምጽፈውን እጄ እየፈራ ነው። ሰኔ 2007 ላይ አባቴን «ትከል» ያሉት እርስዎ ነዎት። ዝናቡ ቀረ። ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ፣ በሬው ተሸጠ፣ አባቴ ሶዶ ለጥበቃ ገባ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሁሉን አይቻለሁ። ይህን ነገር በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም፤ እናንተም ለቅሶ ላይ ብቻ እየተገናኛችሁ ስምንት ዓመት አለፈ። ጋሼ፣ እኔ ተቀይሜዎት አላውቅም። እወድዎታለሁ። ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ።

ቁጥሬን አይመኑ፤ የራስዎን ይመኑ። ያኔም ኤልኒኞ ነበር። የ2008ን ስም መጥሪያ ከፍተው ጥቅምትንና ኅዳርን ይዩ። «ቀሪ» የሚል ከሆነ ሐረጉን ለከብት ይስጡ፤ እኔም ስለ ባሕር ሁለተኛ አልጽፍልዎትም።

ብሩክታይት


ባሕር ላይ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ አንጁሎ

ሰላም ለቤቱ። መርከቧ በሳተላይት የምትፈቅድልን ጥቂት መስመር ነው። ከትናንት በስቲያ እሁድ ነበር። ጠበቅኩ፤ ከእርስዎም ከሳህሊቱም ምንም የለም። ሐረጉ ምን ሆነ? ደፍሬ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቆጡኝ፣ ግን በጽሑፍ ይቆጡኝ። ዝምታ አልችልም።

ብሩክታይት


ሁምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን ተጀምሮ ጥቅምት 20 ያለቀ፣ 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለተማሪዬ፣ አሁን ደግሞ ለአስተማሪዬ ለብሩክታይት

ለዘገየሁበት ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሳህሊቱ ገበያ መውጣት ትታለች፤ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ልቀደው ነበር። ከዚያ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት፤ መጽሐፉም አላስነብብ አለኝ። በነጋታው ጠዋት አልጋ ሥር ገባሁ። ቃጫው ጠንክሮ ስለነበር በጥርሴ ፈታሁት።

ልጄ፣ ጥቅምት 2008 ዘጠኝ ቀን ተገኝ። ኅዳር አሥራ አራት ቀን ተገኝ። በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ አንቺ ግማሹን ነው የምታውቂው። ሰኔ ላይ «ትከሉ» ብዬ አባትሽን ጣልኩት። ከዚያ አፍሬ፣ መስከረም ላይ ሐረጉን ምን እናድርገው ቢሉኝ «ለከብት ስጡት» አልኩ። ሰጡት። ዝናቡም ጥቅምት ላይ መጣ። በየጠዋቱ ቆርቆሮዬን እያየሁ «ተገኝ» እላለሁ፤ ማሳው ላይ ግን ዝናቡን የሚጠጣ ተክል አልነበረም፤ ሣር ብቻ በቀለ። ወሩን ደምሬ ማየት አልቻልኩም። ዓመቱ ሲያልቅ ጠቅልዬ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሁለተኛውን እኔና አልጋዬ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ዘንድሮ ያንኑ ሁለተኛውን ልደግመው ነበር።

መዝገቡን በብብቴ ይዤ በሚኒባስ ሶዶ ወጣሁ። አባትሽን ከሚጠብቀው ግቢ በር ላይ አገኘሁት። ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ሸብቷል። ገጹን ገልጬ አሳየሁት፤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስጨርስ አለቀስኩ። እሱ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አልሰማሁም። «ምን አልክ?» አልኩት። ደገመው። አልሰማሁም። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ጮክ በል!» ስለው፣ ያ ከልጅነቱ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ሳንባውን ሞልቶ «ይቅር ብዬሃለሁ! ዱሮ ነው ይቅር ያልኩህ! አንተ ነህ ያልመጣኸው!» ብሎ ጮኸ።

ባጃጆች ቆሙ። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ወጣ። አንዲት ጎመን ሻጭ እልል አለች። እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ጠብ የያዝን መስሏቸው የሮጡም ነበሩ። ባዳቾ ዙሪያውን አይቶ አፈረና ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር «ታዲያ ሐረግ አለህ?» አለኝ። ይህችን ሰማኋት።

እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ተነስቼ በሕዝቡ ፊት ተናገርኩ። «ባለፈው የፈረድኩት ስህተት ነው፤ ያኔም ተሳስቻለሁ፤ እኔ የምለው ትከሉ ነው፤ ቢቀር ግን እኔን ውቀሱ» አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔን አምኖ የከሰረው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ዓይኑ ሁሉ ወደ አባትሽ ሄደ። ፈቃድ ጠይቆ ከሶዶ መጥቶ የኋለኛው ወንበር ላይ ነበር። ባዳቾ ተነስቶ ወጣ። ወደ ምንጩ ወረደ። የመጀመሪያውን ሐረግ እሱ ቆረጠ። ከዚያ ሳህሊቱ ነጠላዋን አሸረጠችና ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም።

አሁን የምጽፍልሽ ጥቅምት 20 ነው። ከተከልን ዘጠኝ ቀን ሆነ። አንድም «ተገኝ» የለም። ሴቶቹ ከምንጩ በጄሪካን እየቀዱ ያጠጣሉ፤ ሳህሊቱ ገበያ ያልወጣችው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ጠዋት ትንሽ ቀና ይላል፣ ግን በየቀኑ ቀና የሚለው እያነሰ ነው። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሰላም ይሉኛል፤ ሲያልፉ ግን ሰማዩን አይተው እኔን ያያሉ። አባትሽ ትናንት ደውሎ ለሳህሊቱ «ንገሪው፣ እኔ አልጸጸትም» አለ። እኔ ግን እፈራለሁ። ሌሊት ሦስቴ እየተነሳሁ ቆርቆሮውን እዳስሳለሁ። ይህን ደብዳቤ ልጨርሰው ያልቻልኩት የምነግርሽን መጨረሻ ስላጣሁ ነው። ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ከምሥራቅ የመጣ ደመና ቢኖርም እንዲህ ያለ ደመና አይቼ ተታልዬ

ይቅርታ፣ ቀለሙ ፈሷል። ሳህሊቱ ናት ያስደነገጠችኝ። በር ላይ ቆማ አፏን ትከፍት፣ ትዘጋ ነበር። ምሳ ልትሰጠኝ መስሎኝ «በልቻለሁ» አልኳት። እጄን ይዛ ጎትታ ደጅ አወጣችኝ። የቆርቆሮ ጣሪያው ሲንጫጫ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ፊቴ ላይ አረፈ። ትልልቅ ጠብታ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጥቼ ነበር፤ ፎቶው ላይ የምታዪው ጠቃጠቆ የአንቺው ባሕር ውሃ ነው።

እየዘነበ ነው። ብሩክታይት፣ እየዘነበ ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አጎትሽ አንጁሎ


ደርባን፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ አንጁሎ

ክብሩ ሁሉ ለጌታ ይሁን! ደብዳቤዎን ሞተር ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ዋናው መሐንዲስ ሲያየኝ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል። ተቃጠልሽ እንዴ ብሎ ደነገጠ። «አገሬ ዘነበ» አልኩት። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና የራሱን መሐረብ ሰጠኝ፤ የዘይት ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። አባቴ ጮኸ? አባቴ? ከእኔ ጋር ስልክ ሲያወራ እንኳ ድምፅህን ጨምር እያልኩ ነው የምለምነው። ለአባቴም ደውዬ ነበር። ስለ ጩኸቱ ስጠይቀው «አጎትሽ ደንቆሮ ነው፣ ምን ላድርግ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል።

ዝናቡ እንዴት ቀጠለ? እዚህ ዜናው የምሥራቅ አፍሪካ ጎርፍ ነው፤ እንዳይበዛባችሁ እየጸለይኩ ነው። አይፈልጉም ቢሉኝም ካርታውን ሞምባሳ ገዝቼዋለሁ። ቀስቱ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ሙቁ ቀይ። የሚመጣ ሰው ካገኘሁ እልካለሁ። ውሌ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው፤ ኩባንያው ላድስልሽ እያለኝ ነው፤ ገና አልመለስኩም።

ብሩክታይት


ሁምቦ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለብሩክታይት ባዳቾ

ከምድር ያወጣልን፣ ከሰማይ ያልነፈገን ጌታ አንቺንም በደህና ያቆይልኝ።

መቆፈር ጀመርን። የእኔን ጓሮ አንዱን ሥር ብቻ ስነቅለው አምስት ድንች ወጣ፤ ትልቁ የክንዴን ያህላል፤ ውሸት ከመሰለሽ ሳህሊቱ ፎቶ አንስታዋለች። ሁሉም አልተረፈም። ኅዳር ላይ ዝናቡ በዝቶ ከታች ያለውን የሳህሊቱን ማሳ ግማሹን ጎርፍ ጠርጎታል። ሁለት ቀን ተቆጣችኝ፤ «ባሕሩን ትንሽ ቀንሺ ይበሏት» እያለች። ከዚያ ሠላሳ ዘጠኙ ቤት እያዋጣ ሞላላት። አሁን በየቤቱ ድስት ተጥዷል። እህል ባለቀበት ወር ሰው ጠግቦ ሲስቅ ማየት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እፎይ አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያላልኩትን እፎይታ ነው ያልኩት።

አባትሽ የጥበቃውን ሥራ አልተወም፤ ግን እሁድ እሁድ ይመጣል። ማሳውን አብረን እንዞራለን። ብዙ አናወራም፤ ቢናገርም አልሰማውም፤ ቢጮህ ደግሞ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ጎን ለጎን ሄደን ድንች በልተን ይመለሳል።

ካርታውን በሰው እንዳትልኪ። የተቀዳደደውን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ፤ ቦታው ባዶ ነው።

የዘንድሮውን ስም መጥሪያ በሌላ መልክ እንደያዝኩት ልንገርሽና ላብቃ። እስካሁን ክፍሉ አንድ ተማሪ ብቻ ነበረው። ከጥቅምት ጀምሮ ሦስት አድርጌዋለሁ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ዝናብ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ ባዳቾ፤ በየእሁዱ ተገኝ። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ የአንቺ ስም ተጽፏል። ለዝናብ «በፈቃድ» የለም ብዬሽ ነበር፤ ለአንቺ ግን እስካሁን በየቀኑ «በፈቃድ» እያልኩ ነው የምሞላልሽ። ፈቃዱ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ «ቀሪ» ብዬ ልጽፍብሽ ነው፤ እጄ ግን እምቢ ይለኛል።

አጎትሽ አንጁሎ